የ1827ቱ ግማሽ ዶላር ከየትኞቹ ማኅተሞች እንደወጣ ለመለየት

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ነጋዴ በ1827 በፊላደልፊያ የተመታ የብር ግማሽ ዶላር አሳይቷቸው «የማኅተም ዓይነቱ ብርቅ ነው፣ ደረጃው አር-5 ነው» (ማለትም ከ31 እስከ 75 ብቻ ቀርተዋል ተብሎ የሚገመት) በማለት ከተለመደው ዋጋ ሦስት እጥፍ ጠይቋቸዋል። ይህን በራሳቸው ዓይን ማረጋገጥ ይቻላቸው እንደሆነ፣ ዋጋውም የሚገባ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ። የዚህን ዘመን ግማሽ ዶላሮች ዓመታት ስሰበስብ ስለቆየሁና በአንዱም ክፉኛ ስለተታለልሁ፣ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ሳንቲም የሚመታው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው፤ ሰብሳቢዎች «ዳይ» የሚሏቸው እነዚህን ነው። በዚያን ጊዜ በፊቱ ያለው የሊበርቲ (የነጻነት ምሳሌ የሆነችው ሴት) ራስና በጀርባው ያለው ንስር ከጋራ ቅርጽ ወደ ማኅተሙ ስለሚገቡ በየማኅተሙ ያላቸው ልዩነት ጥቂት ነው። ከዋክብቱን፣ ዓመቱን፣ ፊደላቱንና ከንስሩ ሥር ያለውን የ50 ሳንቲም ምልክት ግን ሠራተኛው በመዶሻ አንድ በአንድ እየመታ ያስገባቸው ነበር፤ የሰው እጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። በ1827 የተመቱት ግማሽ ዶላሮች 5,493,400 ናቸው። የብር ዶላር ማተም ከ1804 ወዲህ ቆሞ ስለነበር፣ ባንኮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉበትና በካዝና የሚያስቀምጡት ትልቁ የብር ሳንቲም ይህ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ ሳይጎሳቆሉ የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ያህል ለመምታት ማኅተሞቹ እየተሰነጠቁና እየደከሙ በሌላ ሲተኩ፣ ደኅና የቀረው የፊት ማኅተም ከአዲስ የጀርባ ማኅተም ጋር ሲጣመር፣ የዚህ አንድ ዓመት ጥንዶች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። እያንዳንዱ ጥንድ በ1967 ከወጣው፣ የግማሽ ዶላር ማኅተሞችን በሥዕል ከሚዘረዝረው የኦቨርተን መጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር አለው።

ጥንድ የሚለውን ቃል አጥብቄ የምናገረው እኔን ያስከፈለኝ እርሱ ስለሆነ ነው። በጀማሪነቴ ከአንድ ሻጭ ላይ «አር-5» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የ1827 ግማሽ ዶላር ገዛሁ። የፊቱን ከዋክብትና የዓመቱን አቀማመጥ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያይቼ፣ አንድ በአንድ ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኝ አስቀመጥሁት። ከሁለት ወር በኋላ ጀርባውን በ10 እጥፍ ማጉያ ስመለከተው፣ ከመጽሐፉ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። የፊቱ ማኅተም ከሌላ የጀርባ ማኅተም ጋርም ሠርቶ ኖሯል፤ በእጄ የነበረውም በየገበያው የሚገኘው ተራው ጥንድ ነበር። የመመለሻው ጊዜ ስላለፈ ሻጩ አልቀበልም አለኝ። ዘውድና ጎፈር እየተባባልን ሳንቲም ስንወረውር ያደግን ሰዎች የሳንቲምን ሁለት ፊት መርሳታችን ትንሽ ያሳፍራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በፊቱ በኩል ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ። አንደኛው፣ ከ7ቱ ሥር የ6 ቅሪት መኖር አለመኖሩ ነው፤ ከ1826 የተረፈ ማኅተም እንዳይባክን በ6ቱ ላይ 7 የተመታባቸው አሉ። ሁለተኛው የ2 እግር ነው። በአብዛኞቹ ላይ እግሩ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ በጥቂቶቹ ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው፤ ጥቅልሉ ከታየ ምርጫው ወዲያው ይጠብባል። ከዚያ ሳንቲሙን ይገልብጡት፤ ዋናው ሥራ ያለው ጀርባው ላይ ነውና።

ከንስሩ በላይ ባለው ጥብጣብ ላይ «ኢ ፕሉሪበስ ዩነም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ «ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ» ዙሪያውን ይዞራል። «ፕሉሪበስ» ውስጥ ያለችውን ቀጥ ያለች ዘንግ የምትመስል «አይ» ፈልገው፣ ከእርስዋ በላይ ያለውን የ«ዩናይትድ» «ቲ» ይመልከቱ። የስስ ወረቀት ጠርዝ ከአይዋ ጎን አስተካክለው ወደ ላይ ቢያስኬዱት በቲው ግንድ ግራ ጫፍ፣ በመካከሉ ወይስ በቀኙ ያልፋል? ይህች የፀጉር ስፋት የምታህል ልዩነት ከሁሉም የበለጠ ታማኝ ናት፤ ፊደላት በእጅ የተተከሉ በመሆናቸው በሁለት ማኅተሞች ላይ አንድ ዓይነት አቀማመጥ እምብዛም አይደገምም። ቀጥሎ የ50ው ምልክት ለንስሩ ጥፍርና ለፍላጻዎቹ ያለውን ቅርበት ያስተውሉ። እነዚህ ሁለቱ ከሥዕሉ ጋር ከገጠሙ በኋላ ነው ስንጥቅ ፍለጋ የሚገባው። የማኅተም ስንጥቅ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ብሩ ወደ ማኅተሙ ስንጥቅ ፈስሶ የቀረበት ስለሆነ ነው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ነጋዴው በጣቱ የሚያሳይዎት መስመር የጎደጎደ ከሆነ ጭረት ነው፤ ብርቅነትን አይመሰክርም።

ከየትኛውም ሥዕል ጋር የማይገጥም ሳንቲም ካጋጠመዎት «አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ከማለትዎ በፊት ሐሰተኛ ነው ብለው ይጠርጥሩ። የዚያን ዘመን ሐሰተኞች ግማሽ ዶላርን በብዛት አስመስለው ሠርተዋልና። ትክክለኛው 13.48 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መልበስ ጥቂት ሊቀንሰው ይችላል፤ ዲያሜትሩ 32.5 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙም ዋጋውን በፊደል የሚናገር ጽሑፍ አለው። ዘመናዊ ቅጂዎች ከእውነተኛ ሳንቲም ስለሚገለበጡ ግን አይና ቲው እንኳ ይገጥማሉ፤ ለእነሱ ሚዛን ይሻላል።

የብርቅነቱን ደረጃ በተመለከተ፣ መለኪያው ሼልደን የተባለው የሳንቲም ተመራማሪ ለጥንቶቹ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፤ ከአር-1 እስከ አር-8 ይደርሳል። አር-4 ከ76 እስከ 200፣ አር-5 ከ31 እስከ 75፣ አር-6 ከ13 እስከ 30፣ አር-7 ከ4 እስከ 12 ሳንቲሞች በሕይወት አሉ ተብሎ የሚገመትበት ነው። ቁጥሩ የሚለካው እስካሁን የተለዩትን እንጂ የተመቱትን አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ሳጥናቸውን ሲፈትሹ አር-6 የነበረው ወደ አር-5 ሲወርድ አይቻለሁ። ስለዚህ ደረጃውን ከየትኛው ዓመት እትም እንደወሰደው ነጋዴውን ይጠይቁት።

ዋጋን በተመለከተ ግን ደረጃው ብቻውን አይወስንም። የ1815/2ን (በ2 ላይ 5 የተመታበትን) ግማሽ ዶላር እንውሰድ፤ በዓመቱ 47,150 ብቻ የተመቱ ሲሆን ሁሉም የወጡት ከአንድ ጥንድ ነው፤ ዓመቱን ለማሟላት የሚሻው ሁሉ ስለሚፈልገው ውድ ነው፤ በማኅተም ዓይነት ሲለካ ግን ከአር-5 ይልቅ ይበዛል። 1817/4 ደግሞ የሚታወቁት ወደ ደርዘን የሚጠጉ ቢሆኑም፣ ከ7ቱ ሥር ያለው 4 በዓይን ስለሚታይ ፈላጊው ብዙ ነው። በ1827 በአይና በቲ ብቻ የሚለይ አር-5 ግን የሚፈልገው የማኅተም ሰብሳቢ ብቻ ስለሆነ፣ በተለይም ከታጠበ ወይም ከተፈገፈገ፣ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል ምክንያት አይታየኝም። መለየቱ ትክክል ሆኖ ቆዳው ያልተነካ ከሆነ ጥቂት ጨምረው ቢገዙት አይጸጽትዎትም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ፎቶ ያንሱልኝ፤ አንድ ሙሉ ፊቱን፣ አንድ ሙሉ ጀርባውን፣ አንድ ደግሞ መብራቱን ከጎን አብርተው ከ«ዩናይትድ» እስከ «ስቴትስ» ያለውን ብቻ አቅርበው። ሳንቲሙ በፕላስቲክ ከታሸገ ሳይከፍቱት ሌንሱን በትንሹ ያጋድሉት፤ ፊት ለፊት ከተነሣ የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ቲውን ይሸፍነዋል።