ጥያቄዎና መልሳችን፦ 22 ሆነን ፈረንሳይ ውስጥ ጥንታዊ ግንብ ብንከራይስ?

ጥያቄ፦ ለተከበረው አምድ አዘጋጅ። እኛ ስምንት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነን፤ ሁለታችን ደሴ፣ አንዳችን ኮምቦልቻ፣ የቀሩት በጀርመን፣ በስዊድን፣ በዋሽንግተንና በዱባይ እንኖራለን። አባታችን ካረፉ ወዲህ ሁላችንም በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበን አናውቅም። እናታችን 76 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላ ሕመም የለባቸውም። ጀርመን ያለው ወንድማችን በሚመጣው ክረምት በፈረንሳይ የወይን አገር አንድ ጥንታዊ ግንብ ለአንድ ሳምንት ተከራይተን፣ ልጆች ጨምሮ 22 ሰው ሆነን እዚያ እንድንገናኝ ሐሳብ አቅርቦ ፎቶ ልኮልናል። ባለቤቱ የኪራዩን ግማሽ አሁኑኑ ይፈልጋል። ከደሴና ከኮምቦልቻ የምንሄደው እናታችንን ጨምሮ ስድስት ነን። እንደ ብዙው የወሎ ቤተሰብ ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ስለሆንን፣ የወይን አገር መባሉ ራሱ ያሳሰባቸው አሉ። ምን ትመክሩናላችሁ? የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ይህን ያህል ሰው በሆቴል ክፍሎች ተበታትኖ ከሚያድር በአንድ ቤትና በአንድ ማዕድ መሰብሰቡ ለእናታችሁም ሆነ በየአገሩ ለተወለዱት ልጆች ይበጃል። ይሁን እንጂ ግማሹን ገንዘብ ዛሬ አትላኩ። የስድስታችሁ ቪዛ ገና አልታወቀም፤ ቤቱ ለእናታችሁ ጉልበት የሚመች መሆኑም፣ ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው፣ ገና አልተጠየቀም።

ከውሉ እንጀምር። በፈረንሳይ ሕግ ለዕረፍት የሚከራይ ቤት ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብም ሁለት ዓይነት ነው። «አር» የሚሉት እኛ ቀብድ የምንለው ነው፤ ተከራዩ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ትቶ ይሰናበታል፣ አከራዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «አኮንት» የሚሉት ግን የዋጋው ከፊል ክፍያ በመሆኑ ውሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጸናዋል፤ ብትቀሩ ባለቤቱ ቀሪውን ኪራይ እስከ መጠየቅ ሊሄድ ይችላል። የቀብዱ ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ ወንድማችሁ የመጀመሪያው ክፍያ «አር» መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ፣ መጠኑም ከግማሽ ወደ ሩብ እንዲወርድ ይጠይቅ። ቤቱ የሚከራየው ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ከሆነ ድርድርም አያስፈልግም፤ ደላላው ቁልፍ ከሚረከቡበት ቀን ከስድስት ወር ቀድሞ ገንዘብ እንዲቀበል፣ በቅድሚያም ከኪራዩ 25 በመቶ በላይ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድለትም።

በውሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር እንዲገባም ጠይቁ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡት ቪዛ ከተከለከሉ የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ ወይም ኪራዩ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲዛወር የሚል ይሁን። ባለቤቱ የመስማማት ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጣችሁ መልስ ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምትዋዋሉ ያሳያችኋል። ቤቱ በእርግጥ መኖሩንና የሰውዬው መሆኑን ለማጣራት ደግሞ ወንድማችሁ ቤቱ ወዳለበት ቀበሌ ማዘጋጃ ቤት ይደውል፤ በትንንሾቹ የፈረንሳይ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያለውን ትልቅ ግንብና ባለቤቱን ሳያውቅ አይቀርም። በቪዲዮ ስልክም ባለቤቱ ከበሩ እስከ መኝታ ክፍሎቹ ድረስ እየዞረ ያሳየው። ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ሳይሆን በሐዋላ እንዲላክለት የሚወተውት ሰው ካጋጠማችሁ ነገሩን እዚያው ተዉት፤ በፈረንሳይ ባንክ ያለ ሒሳብ ኤፍ አር በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚጀምርና በጠቅላላው 27 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር አለው። ክፍያውንም ውጭ ያሉት ወንድሞችና እኅቶች በባንክ ቢፈጽሙት ደረሰኙ ለቪዛውም ይጠቅማል።

ቪዛውን በተመለከተ፣ ጀርመንና ስዊድን ያሉት በመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውም ያለ ቪዛ ይገባሉ። ዱባይ ያለችው እኅታችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ ከሆነ ግን እሷም ከዚያው ማመልከት ይኖርባታል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀርባል፣ ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን አይቀርብም፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። እናታችሁ አሻራ ለመስጠት በአካል አዲስ አበባ መገኘት ስላለባቸው ቀጠሮውን ለስድስታችሁም በአንድ ቀን ያዙላቸው። የማረፊያ ማስረጃ የሚሆነው የኪራይ ውሉ ነው፤ ስለሆነም የስድስታችሁ ስም ልክ በፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው በውሉ ወይም በአባሪው ላይ መስፈር አለበት።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ አብዛኛው ሰው የሚስተው የሰው ብዛት ጉዳይ ነው። በፈረንሳይ ከ15 በላይ ሰው የሚያሳድር ቤት ሕዝብ የሚስተናገድበት ተቋም ሆኖ ስለሚቆጠር የእሳት አደጋ መከላከያ ደንቡ ይጠብቅበታል፤ የማምለጫ በር፣ የማስጠንቀቂያ ደወልና የባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እናንተ 22 ናችሁ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲበዛ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ማንም አይመለስም፤ እዚያ ግን ለ15 ሰው የተፈቀደ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው መጨመር ውል ማፍረስ ነው፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ እንዳይከፍል ምክንያት ይሆናል። ባለቤቱ ቤቱ በደንቡ መሠረት ስንት ሰው እንዲያሳድር እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ይንገራችሁ። ምናልባት ዋናው ግንብና በግቢው ያለው የቀድሞ የፈረስ ጋጥ ወይም የአትክልተኛ ቤት አብረው የሚከራዩ ከሆነ ለእናታችሁ ያ ዝቅ ያለው ቤት ሊሻል ይችላል።

ይህን ያልንበት ምክንያት ደረጃው ነው። የጥንት ግንቦች ደረጃ ብዙውን ጊዜ በክብ ማማ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ የሚወጣ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ እግር የሚያሳርፈው በውጨኛው ጠርዝ በኩል ብቻ ነው፣ በመደገፊያ ፋንታም አንዳንድ ጊዜ በግድግዳው ላይ የተወጠረ ወፍራም ገመድ ብቻ ይገኛል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣችው የታሪካዊ ሐውልቶች ሕግ የተመዘገበን ቤት ባለቤቱ እንዳሻው አሳንሰር ሊያስገባበት፣ ግድግዳ ሊያፈርስበት ወይም መስኮት ሊለውጥበት አይችልም፤ ለዚህም ነው ከመቶ ዓመታት በፊት የነበረው ደረጃ ዛሬም እንዳለ የሚገኘው። ፎቶው ይህን አያሳይም። ከበሩ እስከ እናታችሁ አልጋ ስንት እርከን አለ? በዚያው ወለል መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ለ22 ሰው ስንት መታጠቢያ አለ? ዕቁብ ተጥሎ የሚታጠቡበት ቤት ለአንድ ሳምንት ይከብዳል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ በሐምሌ ሙቀት ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ከጣሪያው ሥር ያሉት ክፍሎች ግን ይግላሉ፣ ማቀዝቀዣም አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። የመዋኛ ገንዳ ካለም እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት አጥር፣ ደወል፣ መክደኛ ወይም መጠለያ ሊኖረው ይገባል፤ ከአራቱ የትኛው እንዳለው ጠይቁ፣ ሕፃናት ስላሏችሁ እኛ የምንመርጠው አጥሩን ነው።

ወንድማችሁ ቤቱ በየትኛው የወይን አገር እንደሚገኝ አልነገራችሁም። ምርጫው ገና ክፍት ከሆነ እኛ የሎዋርን ሸለቆ እንመርጥላችኋለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሸለቆ ሻምቦርንና በሼር ወንዝ ላይ የተሠራውን ሸኖንሶን የመሳሰሉ ዝነኛ ግንቦች ያሉበት ነው፤ እነሱ ለጉብኝት ናቸው፣ የሚከራዩት በየመንደሩ በቤተሰብ እጅ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። ከፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአገራችን አየር መንገድ በቀጥታ ከሚያርፍበት ማለት ነው፣ ወደ ቱር ከተማ ዳርቻ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያደርስ ፈጣን ባቡር ስላለ እናታችሁ ከአውሮፕላን ወርደው ከተማ ማቋረጥ አይኖርባቸውም። በቦርዶ ዙሪያ በሜዶክና በሳን ቴሚሊዮን ያሉት የወይን እርሻዎች በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ይሁንና በዚያ «ሻቶ»፣ ግንብ ማለት ነው፣ የሚለው ስም ለወይን እርሻው ሁሉ ስለሚሰጥ ግንብ ጠብቆ የሄደ ሰው ተራ የእርሻ መኖሪያ ቤት ሊያገኝ ይችላል።

ሙስሊም የሆኑትን የቤተሰባችሁን አባላት ስላሳሰባቸው ጉዳይ፣ ወይኑ በቤቱ ዙሪያ የሚበቅል ሰብል ነው፤ ማንም እንዲጠጣ አይገደድም፣ የቅምሻ ጉብኝትም ለብቻው ተጠይቆና ተከፍሎበት የሚደረግ ነው። በሎዋር ደግሞ ለማይጠጣውም የሚታይ ነገር ሞልቷል። ግንቦቹ የተሠሩበት ቱፎ የሚባለው ነጭና ለስላሳ ድንጋይ ከኮረብታው ሆድ ተፈልፍሎ የወጣ በመሆኑ፣ በቩቭሬና በሶሙር የድንጋዩ ጉድጓዶች ዛሬ ወይን ማስቀመጫ ሆነዋል፤ ሙቀታቸው በበጋም በክረምትም 12 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሰው መኖሪያ ያደረጋቸውም አሉ። ላሊበላን ያየ የወሎ ልጅ የመዶሻውን ፋና በግድግዳው ላይ ሲያይ ሥራውን አይቶ ያደንቃል። ከቅምሻ ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው የማይጠጣው ይሁን፤ በፈረንሳይ ለሹፌር የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ብቻ ነው።

ጊዜውን ስትወስኑ የጾሙን አቆጣጠር አትርሱ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመካከሉ ያለው፣ እነሱ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 የሚሉት ጊዜ፣ ክርስቲያኖቹ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ከሁሉ ጋር አብረው የሚበሉበት፣ የእኛም የስዊድንም የአሜሪካም ትምህርት ቤት የተዘጋበት ነው። የጀርመኑ እንደየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ወንድማችሁ የልጆቹን ይመልከት። ኪራይ የሚወደደውም በዚሁ ወቅት ነው፤ ርካሹን መስከረምን ብንመርጥ ደስ ባለን፣ ነገር ግን ልጆቹ የማይመጡበት ስብሰባ ከዚህ ዓላማችሁ ጋር አይሄድም።

ምግቡ ላይ ቆየት ማለት ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ንጥር ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ከደሴ አትጫኑ፣ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና ይገባል፤ ማርም ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቅቤውን እዚያው የፈረንሳይን ገዝቶ በኮረሪማና በኮሰረት ማንጠር ይቻላል። ምጣድ ግን አትውሰዱ። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ የፈረንሳይ ሶኬት 16 አምፔር በመሆኑ የሚችለው 3.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ በጥንታዊ ቤት ያረጀ ሽቦ ላይ ደግሞ ምጣዱና ምድጃው አብረው ሲበሩ ቆጣሪው ወድቆ ቤቱ ይጨልማል። ከጀርመን የሚመጣው ወንድማችሁ እንጀራውን ከሚኖርበት ከተማ ጭኖ ቢመጣ ይቀላል።

የሥጋውን ነገር ወሎ ቤት ራሱ ስለሚያውቀው ብዙ አንልም፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋና በተቻለ መጠን ሁለት ምድጃ ያለው ማእድ ቤት ይፈለግ፣ ሐላል ሥጋም በቱር ከተማ ይገዛ። በግቢው በግ እናርዳለን ብላችሁ ግን አታስቡ፤ ከቄራ ውጭ ማረድ በፈረንሳይ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቡናም ቢሆን ከሰል በቤት ውስጥ አይነድ፤ ጭሱ በየክፍሉ ያለውን ደወል ያስጮኸዋል፣ የማይታየው መርዘኛ ጋዝም ይገድላል። በግቢው ጠጠር ላይ ማቀጣጠልም የሚቻለው አስተዳደሩ በበጋ ድርቅ ምክንያት የውጭ እሳት ካልከለከለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በቦርዶ አካባቢ የተነሣው ሰደድ እሳት ብዙ ደን ካቃጠለ ወዲህ በዚህ ቀልድ የለም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለጀበናው ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ቁልፍ በምትረከቡበት ሰዓት ከባለቤቱ ጋር ክፍል በክፍል ዞራችሁ የተሰነጠቀውን ሳህን፣ የተጫረውን ጠረጴዛ፣ የጎደለውን መብራት ሁሉ በጽሑፍና በፎቶ መዝግቡ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለጉዳት የሚያዘው መያዣ ገንዘብ የሚመለሰው በዚህ ወረቀት መሠረት ነውና። የልጆቹን ጨዋታ ከጥንታዊ ወንበሮችና ከመስታወቱ ሳሎን አርቃችሁ በግቢው ብታደርጉት፣ ጀርመን ያለው ወንድማችሁም የግል ኃላፊነት ኢንሹራንሱ በኪራይ ቤት የሚደርስ ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ ከጉዞው በፊት ጠይቆ ማረጋገጫውን በጽሑፍ ቢይዝ ጥሩ ነው።