ጣራው ያፈሳል፣ ትኋኑ አልጠፋም፤ አከራዩ «ክረምቱ ይውጣ» ይላሉ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲገባ ከባሕር ዳር የሚደርሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፤ የሚያፈስ ጣራ፣ ሻጋታ፣ ትኋን፣ በረሮ፣ ከዚያም «አከራዬን እንዴት ልናገር?»። «ቤቱ እኮ ተበላሸ» የሚል አቤቱታ ማንንም አከራይ ከመቀመጫው አያስነሳም። የትኛው ጥግ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ስንት ምስማር ወይም ስንት ቆርቆሮ እንደሚያስፈልግ የተጻፈበት ወረቀት ግን ያስነሳል። ባያስነሳ እንኳ ኋላ ዳኛ ፊት ይነበባል። የዛሬዎቹን መልሶች ስታነቡ ይህን ያዙልን።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአልጋችን በላይ ያፈሳል፤ ዘንድሮ ኮርኒሱ ሆድ አውጥቶ ወርዷል። አከራያችን እትዬ እዚያው ግቢ ነው የሚኖሩት። ስነግራቸው «ልጄ፣ በዝናብ ማን ጣራ ላይ ይወጣል? ክረምቱ ይውጣ» ይሉኛል። አምናም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ መቀያየም አልፈልግም።

መልስ፦ በመጀመሪያ የዛሬውን ሌሊት እናሳልፍ። ኮርኒሱ ሆድ ካወጣ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው። የክፍሉን ብሬከር ያጥፉ፣ አልጋውን ያንሱ፣ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡና እጅግ በወረደው ቦታ ላይ ኮርኒሱን በምስማር ይብሱት። ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል። ካልበሱት ችፑዱ በውኃው ክብደት ሌሊት ተገንጥሎ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመብራቱ ገመድ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ኮርኒሱ እስኪደርቅ ብሬከሩን አይመልሱ።

እትዬ በዝናብ ጣራ ላይ አይወጣም ማለታቸው ልክ ነው፤ ርጥብ ቆርቆሮ ሰው ይጥላል። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ክረምቱን ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚዘንብ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው የሚደርቅባቸው ቀናት አይጠፉም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ለአንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ነጠብጣቡ ካለበት ቦታ በላይ አይገኝም። ውኃው በቀዳዳው ይገባና ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሞራሌው ሲቋረጥ ወይም ምስማር ሲገጥመው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከነጠብጣቡ ወደ ጣራው ጫፍ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ላይ፣ ይፈልጉ። አንድ ሰው ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ በጆግ ውኃ ያፍስስ፤ በአንድ ቦታ አምስት ደቂቃ ያህል ካፈሰሰ በኋላ ግማሽ ሜትር ወደ ላይ ይሂድ። ሌላው ሰው ኮርኒሱ ውስጥ በባትሪ ያይ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ስለሚያርሰው ቀዳዳው አይለይም።

ከሚገኙት ጥፋቶች የመጀመሪያው ምስማር ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም ምስማሩን ያላላዋል፣ ጎማውንም ይሰነጥቀዋል። ምስማሩ በቆርቆሮው ሸንተረር ላይ ሳይሆን ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ተመትቶ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሥራው የተበላሸ ነበር። የላላው ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ አዲሱ ባለ ጎማ ምስማር በአጠገቡ ባለው ሸንተረር ላይ ይመታል። በአሮጌው ቀዳዳ መልሶ መምታት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ሁለተኛው የቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ነው። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ካልተደረበ፣ ከጣና በኩል ንፋስ ያለው ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ወደ ላይ ገፍቶ ያስገባዋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ሬንጅ ይቀቡ፣ ሬንጁ ሳይደርቅ በእጅ ስፋት የተቀደደ ጨርቅ ይጫኑበት፣ በላዩ ሌላ ሬንጅ ይድገሙ። በርጥብ ወይም በዛገ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ሬንጅ ሳምንት ሳይቆይ ይላጣል። አምና ተቀብቶ ዘንድሮ ያፈሰሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አሸንዳ ነው። የማንጎ ቅጠል ሲደፍነው ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና በግድግዳው አናት ይገባል። ይህ ለጭቃ ቤት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጭቃው ይረጥባል፣ ውስጥ ያለው ማገር ይበሰብሳል፣ ምስጥም በዚያ ይገባል። ነጠብጣቡ በግድግዳው ጥግ ብቻ ከሆነ ጣራ ላይ ከመውጣትዎ በፊት አሸንዳውን ይጥረጉ።

አሁን ወደ እትዬ እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (የ1952 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ይናገራል) ቤቱን በመልካም ሁኔታ የመጠበቁን ግዴታ በአከራዩ ላይ ያደርጋል። በተከራዩ አጠቃቀም የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች፣ ለምሳሌ ልጅ የሰበረው መስታወት፣ የተከራዩ ናቸው። በእርጅና የላላ ጣራ የባለቤቷ ነው። ነገር ግን በቁጥር 1772 መሠረት «ግዴታዎን አልተወጡም» ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል፤ ማስጠንቀቂያውም የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲባል ስድብ ወይም ዛቻ አይደለም። እንዲህ ተብሎ በአክብሮት ሊጻፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከሐምሌ 3 ጀምሮ በመኝታ ክፍሉ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ጥግ ጣራው ያፈሳል። ኮርኒሱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ወርዷል። የ14 ምስማሮች ጎማ አልቋል፣ አሸንዳው ተደፍኗል። እስከ ሐምሌ 27 ድረስ እንዲያሠሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሠራተኛ በሚመጣበት ቀን ቤቱን እከፍታለሁ፣ ዕቃም አነሣለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ይሰጧቸዋል፣ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልዎታል። መፈረም ካልወደዱ ያንኑ ቃል በስልክ መልእክት ይላኩና አያጥፉት። ወረቀት ይዞ መቅረቡ ድፍረት ከመሰለዎት እሳቸው ከሚያከብሩት የሰፈር ሰው ጋር ቡና ሰዓት ላይ ይሂዱ። ያ ሰው ነገሩን ያለዝባል፣ አስፈላጊ ቢሆን ደግሞ ምስክር ነው። ፎቶውንም አይርሱ፤ አንዱ ከሩቅ ክፍሉን ሁሉ የሚያሳይ፣ አንዱ ከቅርብ።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ በአንድ መደዳ ካሉ ስድስት ክፍሎች አንዱን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ትኋን ፈጀን። ማላታይን ሦስት ጊዜ ረጨሁ፤ ለሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። አከራዬ ጋሼ «ትኋኑን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ» ይሉኛል። እውነት የእኔ ጥፋት ነው?

መልስ፦ ማላታይኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። የሰብል መድኃኒት ነው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ይልቁንም ሕፃናት ባሉበት፣ መረጨት የለበትም። የተረጨበትን አንሶላና ብርድ ልብስ ያጥቡ፣ ክፍሉን ያናፍሱ። ነጭ ጋዝ በአልጋ ላይ መቀባትንም አንመክርም፤ ሻማ ወይም ከሰል ባለበት ቤት ቃጠሎ ያስነሣል።

የሚመለስበት ምክንያት ሁለት ነው። እንቁላሉን የሚረጨው መድኃኒት በደንብ አይገድለውም፤ በሞቃት ክፍል ደግሞ ከስድስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እርስዎ «ለሳምንት ይጠፋል» ያሉት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት ነው። መደዳ ቤት ከላይ አንድ ኮርኒስ አለው፣ የመብራት ገመዱም ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል። አንዱ ክፍል ሲረጭ ትኋኑ በዚያ ያልፍና መድኃኒቱ ሲደክም ይመለሳል። ክፍሉን ዘግቶ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት መሄድም አይጠቅምም፤ አዋቂው ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል።

መጀመሪያ መኖሪያውን ይለዩ። ባትሪና ርጥብ ጥጥ ይያዙ። የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን፣ የአልጋውን እንጨት መጋጠሚያ፣ የምስማር ቀዳዳዎችን፣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን የግድግዳ ስንጥቅ ይመልከቱ። በብዕር ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ሲያገኙ በጥጡ ይጥረጉት፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተለቀለቀ የትኋን ኩስ ነው። ነጥቦቹ በተከማቹበት ቦታ መኖሪያው አለ።

ከዚያ አንሶላና ልብሱን በፌስታል ቋጥረው ያውጡ፤ ቢያንስ 60 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ። የማይታጠበውን ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ቀስ ብለው ይተኩሱ። አልጋውን ፈትተው መጋጠሚያዎቹ ላይ የፈላ ውኃ ያፍስሱ። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይገባል። አልጋውን መልሰው ሲገጥሙ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት፤ እግሮቹን የሳሙና ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቁሙ፤ ብርድ ልብሱ ወለል እንዳይነካ ያድርጉ። በአሥረኛው ቀን ሁሉንም ይድገሙት። ከሌላ አሥር ቀን በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ። ሁለተኛውን ዙር የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ጋሼ ያሉት በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ትኋን በሻንጣና በአሮጌ ሶፋ ይመጣል። ማን እንዳመጣው ማረጋገጥ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የስድስቱን ክፍል ተከራዮች ሰብስበው ትኋኑ በማን በማን ክፍል እንዳለ ይመዝግቡ። ሦስትና አራት ክፍል ውስጥ ከተገኘ የአንድ ሰው ሻንጣ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ለጋሼ የሚቀርበው ጥያቄም ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ስድስቱም ክፍል በአንድ ቀን በባለሙያ እንዲረጭና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንዲደገም፤ የግድግዳው ስንጥቅ በጀሶ ተደፍኖ ኖራ እንዲቀባ። ማጠቡና መተኮሱ የእናንተ የተከራዮች ድርሻ ነው። ይህን ድርሻችሁን አስቀድማችሁ ስትናገሩ ጋሼም ይሰሟችኋል።

ጥያቄ (ከኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት)፦ ሌሊት መብራት ስናበራ መታጠቢያ ቤቱ በበረሮ ይጠቁራል። ፍሊት በየቀኑ እንነፋለን። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው።

መልስ፦ የወለሉን መውረጃ ክዳን አንሥተው በባትሪ ይዩ። ውኃ ካንጸባረቀ ሲፎን (ውኃ ቋጥሮ የሚይዝ የቱቦ ጥምዝ) አለው ማለት ነው። ጥቁር ቱቦ ብቻ ከታየ ወይ ሲፎኑ አልተገጠመም ወይ ውኃው ደርቋል፤ በረሮው ከፍሳሽ መስመሩ እየወጣ ነው። ውኃ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ይህ ይብሳል። ግማሽ ሊትር ውኃ ያፍስሱና በማግስቱ ይዩት። ካለ በየሳምንቱ መጨመር ይበቃል። ከሌለ ባለቤቱ ሲፎን ማስገጠም አለበት፤ እስከዚያ ሌሊት ሌሊት መውረጃውን በወንፊት ሽቦና በጡብ ይክደኑ። ቀጥሎ ከመታጠቢያው ሥር ቧንቧው ግድግዳውን የሚበሳበትን ቦታ ይዳስሱ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀው አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ ይለስኑበት። አይጥንም የሚከለክለው ይኸው ነው፤ ትንሽ አይጥ እስክሪቢቶ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች።

ፍሊቱን ይተዉ፤ የሚገድለው የሚታየውን ብቻ ነው፣ ማጥመጃ ምግብም ያስጠላቸዋል። ቦሪክ አሲድ፣ ስኳርና ዱቄት እኩል እኩል በጥቂት ውኃ ለውሰው፣ የሽምብራ ፍሬ በሚያህል እያድበለበሉ ልጅ በማይደርስበት፣ ከፍሪጅ ጀርባና ከመታጠቢያው ሥር ያስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ይታገሱ። ያን ጊዜ ሌላ የሚበላ ፍርፋሪና የሚጠጣ ውኃ ካገኙ ማጥመጃውን አይነኩትም።

የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖም ለኮሚቴው በስልክና በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ እርስዎ ፎቶውን ይላኩለት።

ጥያቄ (ከፔዳ አካባቢ)፦ እስኪያሠሩ ድረስ ኪራይ ብይዝባቸውስ? ሳነሣው «ካልተመቸህ ልቀቅ» አሉኝ።

መልስ፦ አይያዙ። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ጣራው ቢወድቅበት እንኳ ክርክሩ ወደ ዕዳ ይዞራል። በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ፤ ምክንያቱ ላይ «የሐምሌ ኪራይ» ብለው ይጻፉ። በራስዎ ገንዘብ አሠርተው ከኪራይ መቀነስ የሚችሉት አከራዩ በጽሑፍ ከተስማሙ ነው። ካልተስማሙ ሕጉ (ቁጥር 1777) ፍርድ ቤት አስፈቅዶ በባለግዴታው ወጪ ማሠራትን ይፈቅዳል። «ልቀቅ» ለተባሉትም፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። በክልል የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ውልዎን ይዘው ክፍለ ከተማዎ ያለውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የቃል ውል ብቻ ካለዎት ከጥገናው ጥያቄ በፊት ውሉን ያጽፉ።

ጥያቄ (ከጣና ዳር)፦ ግቢው ውስጥ የተጣሉ ጎማዎችና ክፍት በርሜሎች አሉ። ትንኝ አላስቀመጠንም፤ አከራዩ አይሰሙም።

መልስ፦ የትንኝ እጭ አድጎ ለመብረር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን ብለው ይወስኑና፣ በርሜሉን ደፍተው ውስጡን ይፈግፍጉ፤ ሲሞላም አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ይሸፍኑት። ጎማውን ይብሱት ወይም አፈር ይሙሉበት። ለዚህ የአከራይ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። የወባው ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሆነ፣ ለአከራዩ የሚጻፈው የመስኮት ወንፊት ጥያቄ በነሐሴ ይድረሳቸው፤ አጎበሩንም አሁኑኑ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ስፉ።