ሥራችሁ ብቻውን አይናገርም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ሲቪዋን እንድመለከትላት ላከችልኝ። የኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ) ፒኤችዲዋን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። የመጀመሪያው ገጽ የወሰደቻቸውን ኮርሶችና የኮምፒውተር ችሎታዋን ይዘረዝራል። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ በመጀመሪያ ጸሐፊነት ያወጣችው የጥናት ወረቀት ተቀምጧል። አራት ዓመት የለፋችበት! ደውዬ «ለምን እዚህ ታች ደበቅሽው?» አልኳት። «ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

ይህን መልስ ከስንት ወጣት ሰማሁት! ውጭ አገር ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ውጭ አገር ላላችሁ ወጣት ተመራማሪዎቻችን አራት ነገር ሳልለሳለስ ልናገር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቪዛና ኮንትራት። ማብቂያ ቀናቸውን ጻፉት፣ ማደሱን በጊዜ ጀምሩ። ይህን ማንም ይነግራችኋል።

2. ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ መጽሔት በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ይመዘግበናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም በየጊዜው ይለዋወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ተመራማሪ ሦስት ሰው ይሆናል፣ ሥራውም ሦስት ቦታ ይበተናል። ስለ እናንተ የሚያጣራ ኮሚቴ የሚያገኘው ሲሶውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ሳይወጣ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ ጡረታ አትቀይሩት። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን ባለ16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጡ። ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ክፍያም የለውም።

3. ድርሻ። በእኛ መስክ የስም ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። መጀመሪያ የሚጻፈው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው፤ መጨረሻ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የላቡ ኃላፊ ነው። ከነጭራሹ ያልተጻፈውስ?

ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ ተመራማሪ) ሳለሁ ሁለት ክረምት ሙሉ ክሪዮስታት በሚባለው እያቀዘቀዘ በስሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ፊት ቆሜ የአይጥ አንጎል ቆርጫለሁ። ውፍረቱ 40 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር 40 ሺህኛ። እያንዳንዷን ቁራጭ በቀጭን ብሩሽ ከፈሳሹ አንስቼ፣ እንዳትታጠፍ ትንፋሼን ይዤ መስታወት ላይ አሳርፋታለሁ። ወረቀቱ ሲወጣ ሦስተኛው ምስል ላይ አረንጓዴ የሚያበሩት ሴሎች የእኔ እጅ ያወጣቸው ነበሩ። ስሜ ግን የተገኘው ከጸሐፊዎቹ መካከል ሳይሆን መጨረሻ ያለው ምስጋና ላይ ነው፣ በአንድ መስመር። ኃላፊው ሳይጠየቅ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ሥራዬ ይናገርልኛል ብዬ ዝም አልኩ። መስታወት ላይ የደረቀ ቁራጭ ማን እንዳነሳው አይናገርም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ። «ይህን ከሠራሁ ስሜ የት ይገባል?» በሉ። መልሱን በኢሜይል አስቀሩት። ዛሬ ብዙ መጽሔቶች የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በ14 ዘርፍ ከፍለው ያስጽፋሉ፦ ሐሳቡን ያመነጨ፣ ሙከራውን ያካሄደ፣ መረጃውን የተነተነ፣ ገንዘቡን ያመጣ እየተባለ። ያንን ቅጽ ሌላ ሰው እንዲሞላላችሁ አትተዉ።

4. ሽልማት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሽልማት ከሰማይ የሚወርድ የሚመስላችሁ አላችሁ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጥቆማ ደብዳቤ ስለጻፈ ነው የሚመጣው። ኖቤል ራሱን የጠቆመን ሰው አይቀበልም። ካቭሊ የሚባለው የሳይንስ ሽልማትም እንደዚያው። ሌላ ሰው ካልጻፈላችሁ ስማችሁ ጠረጴዛው ላይ አይደርስም።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልን አስቡ። የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸውን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ነው። በ1888 በራሱ ወጪ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ግን በስፓኒሽ ነውና ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። በ1889 የመስታወት ስላይዶቹን ይዞ በርሊን ሄደ። ሊቃውንቱን ወደ ማይክሮስኮፑ እየጠራ አሳየ። አልበርት ፎን ኮሊከር የሚባሉ አንጋፋ የአናቶሚ ሊቅ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ በኋላ የካሃልን ሥራ ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ሆኑ። ኖቤሉ በ1906 መጣ፣ ጎልጂ ከሚባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ጋር። ካሃል ሥራውን ደፍሮ አሳየ፣ ኮሊከር ደግሞ መሰከሩ። እኛ ሁለቱንም አናደርግም!

የአንጎልና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን ብሬንዳ ሚልነርንም አስቡ። ኤች.ኤም. የሚባለው ታካሚ በ1953 ለሚጥል በሽታው አንጎሉን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። እሷና ቀዶ ሐኪሙ ስኮቪል በ1957 ጻፉት። ስለ ማስታወስ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ከዚያ ወረቀት ይነሳል። የካቭሊ ሽልማት የደረሳት በ2014 ነው። ሽልማቱ ራሱ የተጀመረው በ2008 ቢሆንም፣ እሷ ተራዋ ሲደርስ ዘጠና አልፏታል። ዕድሜ ሰጥቷት ተቀበለች።

ለእኔ ሰው ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም። ወገናችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሚጥል በሽታ ላይ ሠርተው፣ ስለ ራሳቸው አንድ ቀን ሲያወሩ ያልሰማኋቸው። የሙያ ማኅበራችን የረጅም ዘመን አገልግሎት ሽልማት አለው። ልጠቁማቸው ብዬ ሁለት አንቀጽ ጻፍኩ። የግራንት (የምርምር ገንዘብ) ማመልከቻ ደረሰና «ለከርሞ» አልኩ። በዓመቱም ለከርሞ አልኩ። በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ሽልማቱ በሕይወት ላለ ሰው ብቻ ነው።

ሽኝታቸው ላይ ስለ ሥራቸው ተናገርኩ። ባለቤታቸው መጥተው እጄን ያዙና «ይህን ሁሉ እንደሠራ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ያ ንግግር ከሁለት ዓመት በፊት ደብዳቤ ሆኖ ቢሄድ ኖሮ እሳቸውም ይሰሙት ነበር።

ስለዚህ ጻፉ። «ታታሪና ትሁት ናቸው» ብላችሁ አይደለም፤ ያ ማንንም አያሸልምም። እሳቸው ከመጀመራቸው በፊት ምን አይታወቅም ነበር? ምን አገኙ? ሌሎች ከዚያ ተነስተው ምን ሠሩ? ያሠለጠኗቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ይህን በሁለት ገጽ አስቀምጡ። የላብ ቴክኒሻኖችንም አትርሱ፤ ስማቸው የትም የለም፣ እጃቸው ግን ሁሉም ወረቀት ውስጥ አለ።

የልጅቷ ወረቀት አሁን የሲቪዋ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስሟ ሥር ነው። እኔም «ለከርሞ» ያልኳቸው ሌላ ሰው አሉ። ዛሬ ማታ ደብዳቤያቸው ላይ እቀመጣለሁ።