አቧራውም በ24 ይካፈላል
የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሞዴል መኪና አሠራር

ስለ ሞዴል መኪና መገጣጠምና ማስዋብ ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልናቸውን በዚህ እትም እንመልሳለን። ርዝመት ስላላቸው ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ ለብዙ ዘመን ያሽከረከሩት ቮልስዋገን ዛሬም ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። የእርሱን አምሳያ ሠርቼ ላበረክትላቸው አስቤያለሁ፤ ነገር ግን በየትኛው መጠን እንደምሠራውና ልኬቱን እንዴት እንደማወጣ አላወቅሁም። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ለመኪና ሞዴል በብዛት የሚሠራባቸው መጠኖች 1 ለ18፣ 1 ለ24፣ 1 ለ25፣ 1 ለ43 እና 1 ለ64 ናቸው። ለእርስዎ ሐሳብ 1 ለ24፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና ልኬት 24 ጊዜ ያነሰው፣ ይስማማል፤ በእጅ ለመያዝ የሚመች ከመሆኑም በላይ መሪውን፣ ስፖኪዮውንና የወንበሩን ስፌት ሳይቀር ለማሳየት የሚያስችል ስፋት አለው። ጥንታዊው ቮልስዋገን 4.07 ሜትር ገደማ ርዝመትና 1.54 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት 2.40 ሜትር ነው። እነዚህ በ24 ሲካፈሉ በቅደም ተከተል 170፣ 64 እና 100 ሚሊሜትር ይሆናሉ። መኪናው ግቢዎ ውስጥ ስላለ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ሜትርዎን ይመኑ። መጀመሪያ የጎማዎቹን ርቀት ይለኩ፤ ጎማ ቦታውን ከሳተ ሌላው ሁሉ በትክክል ቢሠራም ዓይን አይቀበለውም። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ደግሞ ራቅ ብለው፣ ካሜራውን በበሩ እጀታ ከፍታ ይዘው ያንሡ፤ ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ አፍንጫውን አሳብጦ ስለሚያሳይ ለልኬት አይታመንም።

ዝግጁ ሳጥን (የሚገጣጠሙ የሞዴል ክፍሎች የያዘ) ከመግዛትዎ በፊት የአያትዎ መኪና የየትኛው ዘመን ሥራ እንደሆነ ከኋላ መስኮቱ ይለዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1953 ድረስ የተሠሩት መስኮታቸው ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ድረስ የተሠሩት ሞላላና አንድ ወጥ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሰፋ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ነው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በ1 ለ24 ያወጣው ስለሆነ፣ የአያትዎ መኪና በዚያ ዘመን አካባቢ የተሠራ ከሆነ ከባዶ ከመጀመር እርሱን መገጣጠሙን እመርጣለሁ። ድካምዎን ለታርጋው፣ ለፓራፋንጎው ጉድፍና ለፖርቶ መጋላው ያስቀምጡት፤ አያትዎ መኪናቸውን የሚያውቁት በእነዚህ ነውና።

ጥያቄ፦ የምተዳደረው በጋራዥ ውስጥ በመኪና ቀለም ቅብ ሥራ ነው። ለልጄ የተላከለትን የፕላስቲክ ሞዴል በለመድሁት ናይትሮ ቀለም ብረጨው የኮፈኑ ገጽ ተሸበሸበ፤ የበሩም መስመር ጠፋ። ስንት መኪና የቀባሁ ሰው በዚህ መሸነፌ ገርሞኛል። (ከቡሬ)

መልስ፦ እጅዎ የለመደው ላሜራ ነው፤ ላሜራን ናይትሮ አይነካውም። የሞዴል ቦዲ ግን የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን፣ ይህ ፕላስቲክ እንደ አሴቶንና ቶሉይን ያሉ በናይትሮ ማቅጠኛ ውስጥ የሚገኙ ፈሳሾች ሲያገኙት ይሟሟል። የሞዴል ማጣበቂያም የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው፦ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ ያዋሕዳቸዋል፤ ፈሳሹ ሲተንም አንድ አካል ሆነው ይደርቃሉ። ስለዚህ በኮፈኑ ላይ የሆነው ማጣበቂያ በገጹ ሁሉ ላይ እንደ ማፍሰስ ያለ ነው። መጀመሪያ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ወይም ለፕላስቲክ ተብሎ የተዘጋጀ የሥር ቀለም ይርጩ፤ ከዚያ በላይ ናይትሮ መጠቀም የግድ ከሆነብዎ ራቅ ብለው እንደ ጉም አድርገው ይርጩት፤ አንዱ እስኪተን ጠብቀው ሌላውን ይደርቡ። በጋራዥ እንደሚደረገው እስኪያብረቀርቅ ድረስ በአንድ ጊዜ ማርጠብ እዚህ አይሠራም።

ቅደም ተከተሉንም ልብ ይበሉ። ናይትሮ የሚደርቀው ማቅጠኛው ሲተን ብቻ ነው፤ ሲንቴቲክ ቀለም ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚጠነክር ላዩ የደረቀ ቢመስልም ሥሩ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በናይትሮ ላይ ሲንቴቲክ መቀባት ይቻላል፤ በሲንቴቲክ ላይ ናይትሮ ከተረጨ ግን የታችኛው አብጦ ይሸበሸባል።

የበሩ መስመር የጠፋበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የዚህን ሥራ ቁልፍ የማገኘውም እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ መኪና ቀለም ከሥር እስከ ላይ ተደምሮ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ያንኑ ውፍረት 1 ለ24 በሆነ ሞዴል ላይ ሲያሳርፉት 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም እውነተኛ መኪና ላይ እንደ መለሰን ይቆጠራል። በበርና በፓራፋንጎ መካከል ያለው የ4 ሚሊሜትር ክፍተትም በሞዴሉ ላይ 0.17 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በሁለት ወፍራም ቅብ ይደፈናል። ቅርጹን በ24 ያካፈለ ሰው ቀለሙንም ማካፈል አለበት። ከመርጨትዎ በፊት መስመሮቹን በመርፌ ጫፍ ጠለቅ ያድርጓቸው፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በስስ ብሩሽ ጫፍ መስመሩን ያስነኩት፤ ራሱ እየሮጠ ይሞላዋል።

የተበላሸውን ቀለም የፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ልጅዎንም ያርቁ። የሟሟው ፕላስቲክ ግን አይመለስም፤ በስስ ስቱኮ ሞልተው በ600፣ በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ ያልስልሱት። ይህን ክፍል ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም።

ጥያቄ፦ የፊት መስታወቱን በሱፐር ግሉ ካጣበቅሁት በኋላ በማግስቱ ነጭ ጉም ለብሶ አገኘሁት። ቢጠረግም አይለቅም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ትነትም በአቅራቢያው ባለው ገጽ ላይ ያርፍና ነጭ ሆኖ ይደርቃል። በክረምት፣ ያውም ከጣና ዳር፣ ይህ ቢብስ አይደንቅም። ለመስታወት ነጭ የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የተበላሸውን መስታወት ከሃይላንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጎን ቆርጠው መተካት ይችላሉ፤ ሆኖም የሞዴል ማጣበቂያ ያን ፕላስቲክ ስለማይዘው እዚያም ላይ የሚያገለግለው ያው ኮላ ነው።

ጥያቄ፦ በአባይ በረሃ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖችን እያየሁ ያደግሁ ነኝ። አንድ አይሱዙ ሠርቼ ከመንገድ ዳር ያመጣሁትን አፈር በኮላ ነሰነስሁበት፤ ነገር ግን መንገድ የተጓዘ መኪና ሳይሆን ጭቃ ውስጥ የወደቀ መጫወቻ መሰለ። (ከደጀን)

መልስ፦ አፈርዎ በ24 አልተካፈለም። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት ለዓይን አቧራ ብትመስልም በሞዴሉ ላይ የምታሳየው የ2.4 ሚሊሜትር ኮረት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አፈሩን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጠው ጥቂት ያቆዩት፤ ሻካራው ቶሎ ይዘቅጣል። ገና የደፈረሰውን ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው በፀሐይ ያድርቁት፤ ከታች የሚቀረው ልመት ለሞዴል የሚበቃ አቧራ ነው። ይህ ከታከተዎት የትምህርት ቤት ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ፈግፍገው ከቡናማ ጋር ቢቀላቅሉ ይሆናል፤ እኔ ግን የአገሩን አፈር አስበልጣለሁ። ከየት እንደሚያመጡትም ያስቡ፦ በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ ጥቁር ነው፤ የቡሬና የመራዊ አፈር ቀይ ነው። ቀይ አቧራ የለበሰ መኪና ከምዕራብ ጎጃም የመጣ መሆኑን የአገሩ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

ቀጥሎ የሚነሣው አቧራው የት ያርፋል የሚለው ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም እኩል በመነስነሱ ነው። ጎማ ወደ ኋላ ስለሚረጭ ከየጎማው ጀርባ፣ ከጭነት ሳጥኑ በታችና ከኋላ በሩ ላይ ይወፍራል፤ ወደ ጣሪያው እየወጣ ይሳሳል። በፊት መስታወቱ ላይ ዝናብ መጥረጊያው የሄደበት ቅስት ንጹሕ ሆኖ ጥጉ ብቻ ይደበዝዛል። የበሩ እጀታ ዙሪያና ሾፌሩ የሚረግጠው ደረጃ ሰው ስለሚነካቸው ከአቧራ ይልቅ ይወለውላሉ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ የወረደ መኪና ቸርኬው ላይ ጠቆር ያለ የፍሬን ብናኝ ይኖረዋል፤ ወደ ደጀን አቀበቱን ሲወጣ የጨሰው ጥላሸትም የጭስ ማውጫው ጫፍ አካባቢ ይቀመጣል። ለዚህ እርሳስ ፈግፍገው በደረቅ ብሩሽ ቢያስነኩት ይበቃል።

አቧራውን በኮላ አይያዙት። ደረቁን በለስላሳ ብሩሽ ያሳርፉና የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከሩቅ ይርጩበት። ቫርኒሹ ሲነካው ግማሹ የጠፋ ስለሚመስል መጀመሪያ ካሰቡት ትንሽ ያብዙት፤ ከደረቀ በኋላ ያንሳል ካሉ ይድገሙ።

ጭነትም ማሳየት ከፈለጉ ጤፍ አለልዎት፤ አንዷ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነች በ1 ለ24 ሞዴል ላይ 24 ሚሊሜትር የሆነ የኮንስትራክሽን ጠጠርን ትተካለች። ግራጫ ቀብተው ሲያፈሱት ማንም ጤፍ ነው አይልም። እህል በቀለም ማበላሸት የሚከብደው ሰው (እኔም ከእነዚያ ወገን ነኝ) የወንዝ አሸዋ ነፍቶ ያንኑ ያህል መጠን ያለውን ይለይ። ጠጠር የተሸከመ መኪና ግን ባሌስትራው ስለሚረግብ ኋላው ዝቅ ይላል፤ 6 ሴንቲሜትር ቢወርድ በሞዴሉ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የኋላውን አክስል ሳያጣብቁ በፊት ወደ ሻንሲው በዚያው መጠን አስጠግተው ይግጠሙት፤ አለዚያ ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ መኪናው ባዶውን የቆመ ይመስላል።