ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፣ ከወንድሞችሽ ጋር ተነጋገሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ትረሳ ነበር። አሁን ግን «ከመቀነቴ ብሬን ወሰድሽ» እያለች ጎረቤት ፊት ትከሰኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን አጣፍታ «ቤቴ ውሰዱኝ፣ ከብቶቹ አልገቡም» ትላለች። የሞተውን አባቴን «የት ሄደ?» ትለኛለች። ሞቷል ስላት ደረቷን ትደቃለች። በማግስቱ እንደገና ትጠይቀኛለች። ወንድሞቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር ናቸው። በስልክ ሲያወሯት ደህና ናት፤ «አንቺ ነሽ የምታጋንኚው» ይሉኛል። ጎረቤቱ ግማሹ «ጃጅታ ነው» ይላል፣ ግማሹ «መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰጃት» ይላል። እኔ ግን ደከመኝ። ምን ላድርግ?
የእናቷ ልጅ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እኅቴ፣ ከብሩ እንጀምር። ከሁሉም የጎዳሽ እሱ እንደሆነ ያስታውቃል።

ክሱ የመጣው ከበሽታው ነው፤ ከእናትሽ ልብ አይደለም። አልዛይመር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም፣ በኋላ በሽታው በስሙ የተጠራው ማለት ነው፣ በ1901 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መርምሮ ነበር። በሴትየዋ ላይ መጀመሪያ የታየው ምልክት ባሏን መጠርጠር ነው። ዕቃም እያመላለሰች ትደብቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት እዚያ የታየው ዛሬ በአንቺ ቤት እየታየ ነው። እናትሽ ብሩን ራሷ ታስቀምጣለች፤ ያስቀመጠችበትን ትረሳለች። ብሩ ግን የለም። አጠገቧ ያለሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስለዚህ የወሰድሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

«አልወሰድኩም» ብለሽ አትማይላት። «ብርሽ ጠፋሽ? ውይ እማዬ፣ ነይ አብረን እንፈልግ» በያት። ትራስ ሥር፣ ሞሰብ ውስጥ፣ ከጤፉ ጆንያ ኋላ እዪ። ጥቂት ባለ 10 ብር ኖቶች መቀነቷ ውስጥ ቋጥረሽ ተዪላት። ስትዳስሰው ትረጋጋለች። ለቅርብ ጎረቤቶችሽም ሕመሙን በግልጽ ንገሪያቸው። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ አባትሽ ደግሞ አጥብቄ የምለምንሽ ነገር አለ። በየቀኑ መርዶ አትንገሪያት። አንቺ ደጋግመሽ ነግረሻታል፤ ለእሷ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «የት ሄደ?» ስትልሽ «ናፈቀሽ እንዴ? ምን ይወድ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። የምትጠይቅሽ ስለናፈቃት ነው፤ ለናፍቆቱ መልሺላት። ከብቶቹም እንደዚያው ናቸው። «የምን ከብት?» ከማለት «ማን ነበር የሚያግዳቸው?» ብትያት ወሬ ትጀምራለች። አመሻሽ ላይ መረበሽ በዚህ ሕመም የተለመደ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራት አብሪ፤ ቡናውን ጠዋት ጠዋት አድርጊው። ወጥታ ካልሄድኩ ካለች ተከትለሻት ውጪ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዳችሁ ስትመለሱ ብዙ ጊዜ ቤቷ የገባች ይመስላታል። ብቻዋን የወጣች ቀን እንዳትጠፋብሽ ስልክ ቁጥርሽን ቀሚሷ ላይ ጥለፊበት። የሰፈሩን ባጃጅ ነጂዎችም አሳውቂ። ምድጃው ጋ ብቻዋን አትተያት።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቢቸና ያደገች አክስቴንም በዚሁ ሕመም አስታምሜአለሁ። ማን እንደሆንኩ ሳታውቀኝ እንኳ እንዝርት ስሰጣት ጣቶቿ አይሳሳቱም ነበር። ውዳሴ ማርያም ሲጀመርላት ትቀጥል ነበር። እጅ የለመደው ሥራና በልጅነት የተጠና ጸሎት ቶሎ አይጠፉም። እናትሽንም አታስቀምጫት። ጥጥ ስጫት፣ ምስር ታስለቅም። ሥራው ባያምር ምን ቸገረሽ?

ሐኪም አይቷት ከሆነ አልጻፍሽልኝም። ካላያት ውሰጃት። መርሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፣ ቫይታሚን ቢ 12 ሲያንስ፣ ከባድ ድብርት ሲኖር፣ ወድቀው ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲቋጠር ሰው ይረሳል፤ እነዚህ ይታከማሉ። ደም ግፊቷንና ስኳሯን ያዩላት። የምትወስደውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒት አእምሮን ያደበዝዛል። አልዛይመር ከሆነ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀሉ ግን አሉ። አንድ ነገር አትርሺ፦ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰባት የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ያኔ ነገ አትበይ፤ በዚያው ቀን ውሰጃት።

ጠበሉን አልከለክልሽም፤ እኔም አክስቴን ወስጃታለሁ። ግን ብርድ አያግኛት፣ መድኃኒቷ አይቋረጥ፣ ማንም አይሰራት፣ ማንም አይምታት። ጾሙን ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ። ይህን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ የቀረውን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ወንድሞቼ፣ እናታችሁ በስልክ «ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው? እግዚአብሔር ይመስገን» ስላለች ደህና ናት ማለት አይደለም። ይህ ሰላምታ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ላይ ያለ ነው፤ ለእሱ የትናንቱን ማስታወስ አያስፈልጋትም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውሉ። ከዚያም እየተፈራረቃችሁ መጥታችሁ አንድ አንድ ሳምንት እናንተው ያዟት፤ ሌሊቱንም ጭምር። እኅታችሁ በዚያ ሳምንት ሌላ ቤት ሄዳ ትተኛ፤ የራሷን ግፊትም ትለካ። የባሕር ዳሩ፣ ሐኪም ቤት የማመላለሱን ነገር አንተ ያዝ። የአዲስ አበባው፣ የምታግዛት ሴት ትቀጠርና ደሞዟን በየወሩ አንተ ክፈል። «አይዞሽ» ብቻውን አይበቃትም። የትኛው ሳምንት የማን እንደሆነ ዛሬ ተነጋገሩና ለእኅታችሁ ቀኑን ንገሯት።