«ደሙ በእኛ ላይ» የሚለውን እንዴት እናንብብ?

ጥያቄ፦ በሰሙነ ሕማማት የወጣቶች ጥናት እመራለሁ። ማቴዎስ 27፥25 ላይ ሕዝቡ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» ያለው ቃል አይሁድን ለማሳደድ ሰበብ ሆኖ ኖሯል። ናዚ ጀርመን አይሁድን ከጨፈጨፈበት ከሆሎኮስት በኋላ ብንዘለው አይሻልም?

መልስ፦ አይዝለሉት። ሳይብራራ የታለፈ ጥቅስ የድሮ ትርጉሙን እንደያዘ ይቀራል። መርዝ የሚሆነው ተቆርጦ ለብቻው ሲነበብ ስለሆነ ከ26፥1 ይጀምሩ። 26፥5 ላይ አለቆቹ ሕዝቡን ይፈራሉ፤ 27፥20 ላይ ያግባቡት እነሱው ናቸው፤ 27፥26 ላይ ለስቅላት አሳልፎ የሰጠው ሮማዊው ገዥ ጲላጦስ ነው። የጮኸው አደባባይ የተሰበሰበው ሰው እንጂ የአይሁድ ዘር ሁሉ አይደለም። ከዚያ 26፥28ን ደግመው ያስነብቡ፦ ይህ ደም ለኃጢአት ይቅርታ የሚፈስ ነው። ታዲያ እንዴት የትውልድ እርግማን ይሆናል? ሉቃስ 23፥27ንም ይጨምሩ፤ እያለቀሱ የተከተሉትም አይሁድ ነበሩ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የክርስቶስ ሕማም በዚያ ዘመን በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይም ሆነ በዛሬዎቹ ላይ ሊጫን እንደማይገባ አውጃለች። ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ካለቁ ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ታሪኩን በድራማ የምታቀርቡት ከሆነ ጯሂዎቹን ብቻ ለይታችሁ የአይሁድ ልብስ አታልብሱ፤ ኢየሱስም ደቀ መዛሙርቱም አይሁድ ናቸውና።