መልስ፦ ደሴ ውስጥ ለዲዛይን ተማሪ የሚጠና ዕቃ አለ?
«ደሴ ውስጥ የሚጠና ዕቃ አጣሁ» ላልከው ወንድሜ፣ ጠዋት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወጥተህ ጀሪካን ተመልከት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ዳገት ላይ እጥፍ ይሆንብሃል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት የብረት ጀሪካን ሦስት እጀታ ነበረው፤ ሙሉውን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ፣ ባዶውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ያንጠለጥላል። ቢጫው ፕላስቲክ የዘይት መሸጫ ነበርና አንድ ጠባብ እጀታ በቃው፤ ጣት ይቆርጣል። እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ እይ። ውሃው እንዳያንጠባጥብ ክዳኑ ሥር የገባችውን ቁራጭ ፌስታልም እይ፤ እኔ ከስንት የተሸለመ ወንበር እሷን እመርጣለሁ። የመመረቂያ ሥራህን ከዚያ እጀታ ጀምር። ሙከራውን ግን ሜዳ ላይ እንዳታደርገው፤ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው ዳገት ይበቃሃል።